የአያቴን ትውልድ በኮምፒውተር ልመዝግብ ብዬ ተዘበራረቀብኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። ወደ ዘጠና የሚጠጉ አያት አሉኝ። ትውልዳቸው ዘጌ ነው፤ የእናታቸው ወገን ደግሞ ከደቅ ደሴት ነው ይላሉ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የዘር ሐረግ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ቤተሰቡን ጀምሮ ሊንኩን ላከልኝ። እኔ ገብቼ አሥራ አምስት ሰው ስሞላ ሁሉም ነገር ተዘበራረቀ። እናቴ የአባቴን አባት ስም ይዛ ብቅ አለች። የእናቴ ታላቅ ወንድም ታናሿ ሆኖ ቁጭ አለ። የቱን ፕሮግራም ልጠቀም? ከየትስ ልጀምር?»

እህቴ፣ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። አንቺም አላጠፋሽም። ፕሮግራሙ የተሠራው ቤተሰብ ሁሉ አንድ የጋራ ስም ይዞ በሚኖርበት አገር ነው። ሚስት የባሏን ስም ትይዛለች፣ ልጅም ያንኑ ስም ይዞ ያድጋል ብሎ ያስባል። ስለዚህ ለእናትሽ የአባትሽን ወገን ስም ሰጣት። የአጎትሽ ታናሽ መሆን ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ጣጣ ነው። ወንድምሽ የአጎትሽን ልደት በፈረንጅ 1956 ብሎ ሞልቶታል፤ አንቺ የእናትሽን በኛ 1950 ብለሽ ሞላሽው እንበል። አጎትሽ በኛ ጥር 1948 ነው የተወለደው፤ የሁለት ዓመት ታላቋ ነው። ፕሮግራሙ ግን ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አይቶ እናትሽን በስድስት ዓመት አስበለጣት።

ሁለቱም ይስተካከላሉ። ግን ወደ ኮምፒውተሩ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ስም ብቻ አትመዝግቢ፤ ስሙን ማን እንደነገረሽ አብረሽ መዝግቢ። እኔ ይህን ባለማድረጌ የሁለት ዓመት ሥራ አፍርሼ እንደገና ሠርቻለሁ። ታሪኩን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

በዚህ ሳምንት ፕሮግራሙን ተይው። አያትሽ ዘንድ ሂጂ። ስልክሽን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጊ፤ መጀመሪያ ግን አስፈቅጂ። ቡና ይፈላ። ዘጌ ላይ ከሆነ ቡናውም ከጓሮው ነው፤ ወሬው ይረዝምልሻል። «እስከ ስንት ትውልድ ይቆጥራሉ?» ብለሽ አትጀምሪ። እንደዚያ ሲጠየቁ ትልልቅ ሰዎች ፈተና የገቡ ይመስላቸዋል፣ ስም ይዘላሉ። ይልቅ «እርስዎ ልጅ እያሉ እዚያ ቤት ማን ማን ነበር?» በያቸው። «ሠርግዎ ላይ ማን ቆመ? የማን ተዝካር ላይ ነው ያለቀሱት?» በያቸው። ሰው ቤቱን ሲያስታውስ በቤቱ ያሉት ሰዎች ተከትለው ይመጣሉ።

የልጆችን ቁጥር ስትጠይቂ ቀስ በይ። ሰው አይቆጠርም የሚሉ አሉ። «ስንት ወለዱ?» ከምትይ «በኩሩ ማን ነበር? ከሱ ቀጥሎስ?» እያልሽ ሂጂ። የአንድ ሰው አባት ስም በተነገረሽ ቁጥር ደግሞ «እናታቸውስ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁልጊዜ። የሴቶች ስም ቶሎ የሚጠፋው ማንም ስለማይጠይቅ ነው።

እዚህ ላይ የጎጃም ሰው አንድ ዕድል አለው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የርስት መሬት የሚገኘው በትውልድ ነበር። ይገባኛል የሚል ሰው ከዋናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ በስም መቁጠር ነበረበት። በአባቱም በእናቱም በኩል መቁጠር ይችላል፤ መሬት በሁለቱም ይመጣ ነበርና። ስለዚህ በአንድ ወቅት ትውልድ መቁጠር ጨዋታ አልነበረም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ለርስት የተሟገተ አጎት ወይም አያት ያለው ቤተሰብ፣ የእናት የእናት ወገን ስም ሳይቀር በቃል ያወርዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተወለዱ ሰዎች መቁጠሩን የማያውቁት ስላላስፈለጋቸው ነው። እናም ዘመዶችሽን ስታስቢ «ማን አዋቂ ነው?» ሳይሆን «የማን ቤት ይሟገት ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። እዚያ ቤት ሳጥን ውስጥ የድሮ የግብር ደረሰኝ ወይም የፍርድ ግልባጭ ተጠቅልሎ ይገኛል። ፎቶ አንሺው። ወረቀቱን ግን ከቤቱ አታውጪ።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። እኔ የምመክርሽ ግራምፕስ የሚባለውን ነው። ነጻ ነው፤ ለዊንዶውስም፣ ለማክም፣ ለሊኑክስም ይሆናል። ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ስልክ ብቻ ካለሽ ለጊዜው ደብተር ይበቃሻል። ዋናው ምክንያቴ ግን ገንዘቡ አይደለም። ግራምፕስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ፋይሉም እጅሽ ላይ ይቀመጣል። ባሕር ዳር ላይ ዳታ ለወራት ጠፍቶ ምን እንደሆንን አንቺም ታውቂያለሽ። የአያትሽ ነገር ኔትወርክ እየጠበቀ አይቀመጥም።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ክፉ አይደሉም፤ ባሕርያቸውን ማወቅ ነው። ማይሄሪቴጅ በነጻ እስከ ተወሰነ የሰው ቁጥር ድረስ ያስኬድሽና ከዚያ ክፈዪ ይላል። ፋሚሊሰርች ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ ግን የትውልድ ዛፉ የጋራ ነው። ስለ ሞተ ሰው ያስገባሽውን ሌላ ሰው ገብቶ ሊያርመው፣ ሊያበላሸውም ይችላል። ባለቤቱ ሞርሞን የሚባሉት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ነው። በነሱ ሥርዓት ስለ ሙታን በውክልና ጥምቀት ይፈጸማል፤ ከዛፉ የሚገኝ ስምም ለዚህ ይውላል። አያትሽ ማኅበር የሚጠጡ፣ ሰንበቴ የሚያወጡ ሰው ከሆኑ፣ ይህን ሳትነግሪያቸው የወላጆቻቸውን ስም እዚያ አታስገቢ። ይወቁና ይወስኑ።

ግራምፕስን ከጫንሽ በኋላ አንድም ሰው ሳታስገቢ ሦስት ነገር ወስኚ።

አንደኛው ስም ነው። የሰውየውን የራሱን ስም «ጊቭን» በሚለው ሳጥን ጻፊ። የአባቱን ስም «ሰርኔም» በሚለው አስገቢና፣ ከጎኑ መነሻውን ከሚጠይቀው ዝርዝር «ፓትሮኒሚክ» የሚለውን ምረጪ፤ በአባት የሚጠራ ማለት ነው። የአያት ስም አትጨምሪ። አያቱ እኮ ራሱን ችሎ ከላይ ተቀምጧል። ቀጥሎ ምርጫዎች ውስጥ ገብተሽ ለልጅ የአባቱን ስም እየገመተ የሚሞላውን ነገር አጥፊው። ካላጠፋሽው አበበ ከበደ የወለደው ልጅ «ከበደ» ተብሎ ይሞላል፤ መሆን የነበረበት «አበበ» ነው። ባለትዳር ሴቶች በአባታቸው ስም ይቆዩ። የማዕረግ ስሙን፣ ቀኛዝማችም ይሁን እማሆይ ወይም መሪጌታ፣ ለማዕረግ በተለየው ሳጥን አድርጊው፤ ከስሙ ጋር አትለጥፊው። የክርስትና ስም፣ የቁልምጫ ስም፣ አማት ለሙሽራ ያወጣችው ስም፣ ሲመነኩሱ የተሰጣቸው ስም፣ የፈረስ ስም፣ ሁሉም «ተለዋጭ ስም» የሚባለው ክፍል ውስጥ ይገባል። አንድ የዘጌ ሴት አያት አራት ስም ቢኖራቸው አይድነቅሽ።

ሁለተኛው የፊደል አጻጻፍ ነው። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሃይሉ ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው። ሥላሴንና ስላሴን፣ ፀሐይንና ጸሀይንም እንደዚያው ይለያያቸዋል። አንድ ዓይነት አጻጻፍ ምረጪ፣ ደብተር ላይ ጻፊው፣ አትልቀቂው። ወረቀት ላይ የተለየ ካገኘሽ እንደ ተለዋጭ ስም መዝግቢው።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ፣ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ግራምፕስ የሂጅራን፣ የዕብራውያንን፣ የፋርስን፣ ሌላው ቀርቶ የፈረንሳይ አብዮት ዘመንን አቆጣጠር ያውቃል። የኛን አያውቅም። አንዳንዱ ሰው «እንግዲያው ሁሉንም በኛ ልሙላው» ይላል። እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ያዋጣል፤ የካቲት 30 ሲደርስ ግን ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል። ጳጉሜንማ ተይው። በዚያ ላይ ሰው በሕይወት አለ ወይስ የለም ብሎ የሚገምተው ዕድሜ በሰባት በስምንት ዓመት ይዛነፋል። የኔ ምክር ይህ ነው፦ በቀኑ ሳጥን የፈረንጁን አስገቢ፤ በማስታወሻው ላይ አያትሽ ያሉትን ቃል በቃል፣ በኛው አቆጣጠር ጻፊ። ሁለቱም ይኑሩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ትጨምሪያለሽ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8። የእናትሽ ልደት ኅዳር 1950 ከሆነ 1957 ነው፤ ጥር 1950 ከሆነ ግን 1958 ይሆናል።

ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ቀን በቁጥር አይነግሩሽም። በታቦት ነው የሚነግሩሽ። ይህ ከቁጥር ይልቅ የታመነ ነው፣ ምክንያቱም ሙት ዓመቱን በዚያ ቀን ሲያወጡ ኖረዋል። አቦ 5 ነው፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27። «በሐምሌ አቦ ዐረፉ» ካሉሽ ሐምሌ 5 ማለት ነው። ዓመቱን ደግሞ ከክስተት ታገኚዋለሽ። ክፉ ቀን ከተባለ ከ1880 እስከ 1884 ባለው ነው። ዐድዋ 1888፤ የኅዳር በሽታ 1911፤ ጣሊያን የገባው 1928፣ የወጣው 1933፤ አብዮቱ 1966፤ ድርቁ 1977።

አያትሽ «ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ተወለድኩ» አሉ እንበል። 1930 ኅዳር 13 ይሆናል፤ በፈረንጅ ኅዳር 22 ቀን 1937። ግን «ሁለተኛው ዓመት» የሚለው ቃል 1929ም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀኑን እንደ እርግጠኛ አትሙይው። ግራምፕስ «ገደማ»፣ «በፊት»፣ «በኋላ»፣ «ከዚህ እስከዚህ ባለው» የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ተጠቀሚባቸው። በእርግጠኝነት የተጻፈ የተሳሳተ ዓመት፣ ካልተጻፈ ዓመት ይብሳል፤ ከዓመታት በኋላ ማንም አይጠራጠረውም።

አሁን ቃል የገባሁልሽን ታሪክ ልንገርሽ። የአባቴን ወገን ስሠራ «እማሆይ ወለተ ማርያም» የሚል ስም ከሁለት ሰው ሰማሁ። አንደኛዋ ከደራ ወገን፣ ሌላዋ ከባሕር ዳር ዙሪያ። ዘመናቸው ይቀራረባል። ያው አንድ ሰው ናቸው ብዬ ፕሮግራሙ ላይ አዋሃድኳቸው። ማዋሃድ ሁለት ቁልፍ መጫን ነው፤ ደስ ይላል። በአንዷ በኩል ያሉት ልጆች ከሌላዋ ልጆች ጋር ወንድምና እህት ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ተዝካር ላይ ያተምኩትን ዛፍ ይዤ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ እኔን ከባለቤቴ ጋር ወንድምና እህት አድርገኸን የለ?» አሉኝ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅኩም። ወለተ ማርያም የክርስትና ስም ነው፤ በየደብሩ ስንት ወለተ ማርያም አለች። ልለያያቸው ስል ደግሞ የትኛውን ልጅ ማን እንደነገረኝ አልጻፍኩም ነበር። ከላይ እስከ ታች አፈረስኩት።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። እያንዳንዱ ነጋሪ ግራምፕስ ውስጥ «ምንጭ» ይሁን። አያትሽ አንድ ምንጭ ናቸው፤ የእድር መዝገቡ ሌላ፤ የግብር ደረሰኙ ሌላ። ስም ወይም ቀን በሞላሽ ቁጥር ከምንጩ ጋር አያይዢው፣ የሰማሽበትን ቀንም ጨምሪ። ለእያንዳንዱ ማያያዣ የእምነት ደረጃ መስጠት ይቻላል፤ በጣም ዝቅተኛ ከሚለው እስከ በጣም ከፍተኛ አምስት ደረጃ አለው። አያትሽ ስለ እናታቸው የነገሩሽ ከፍተኛ ነው፤ ዓይናቸው ያየው ነውና። ስለ ቅድመ አያታቸው የነገሩሽ መካከለኛ። ከዚያ በላይ ያለው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ዝቅ አድርጊው። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ከነገሩሽ ደግሞ አትፍረጂ። ሁለቱንም አስቀምጪ።

ይህ በተለይ ወደ ላይ ስትወጪ ያድንሻል። ጣና ዳር ሰው ሁሉ መጨረሻው ንጉሥ ጋ ይደርሳል። «በስድስተኛው አፄ ፋሲልን እናገኛለን» ቢሉሽ እስክሪብቶ አንሺ። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ውሰጂ። አፄ ፋሲል ያረፉት በ1660 ነው። አያትሽ በ1930 ከተወለዱ በመሀል 270 ዓመት አለ። ያ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ትውልድ ነው እንጂ ስድስት አይደለም። አያትሽ ዋሽተው አይደለም። በቃል የሚቆጠር ትውልድ ከመሀሉ ስም ይጥላል፤ ዝነኛው ይቀራል፣ ዝም ብሎ አርሶ የሞተው ይረሳል። ለርስት ሙግት የሚያስፈልገው ዋናው አባት ነበር እንጂ የመሀሉ ገበሬ አልነበረም። እንዲህ ሲያጋጥምሽ የታወቀውን እስከ ታወቀበት ድረስ ሙይ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ ተዪና «ከፋሲል ወገን ነን ይላሉ» ብለሽ ማስታወሻ ላይ ጻፊው።

የወረቀት ነገር በአጭሩ። በኛ አገር የልደት፣ የሞትና የጋብቻ ምዝገባ በመላው አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ነው፤ ለአያትሽ ዘመን ከሱ ብዙ አትጠብቂ። የእድር መዝገብ ግን የአባሉን ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ስለሚጽፍ ብዙ ይረዳል፤ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽም እንዲሁ። ባሕር ዳር ያደጉ ዘመዶች ካሉሽ የት/ቤት ካርድ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኛ ደብዳቤ፣ የክርስትና ካርድ ጠይቂ። ገዳማቱ ውስጥ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና የምስክሮች ስም አለ ተብሎ ብዙ ሰው እዚያ መጀመር ይፈልጋል። እውነት ነው፣ አለ። ግን አብዛኛው የመኳንንትና የካህናት ስም ነው፤ አንቺን ከዚያ ሰው ጋር የሚያገናኝሽን መሀሉን አይነግርሽም። የመጨረሻ ይሁን።

ቤተሰብ ውስጥ የማይወራ ነገር ይኖራል። አያት ሁለት ሦስት ሚስት አግብተው ይሆናል፤ በግራምፕስ እያንዳንዱ ጋብቻ ለየብቻው አንድ ቤተሰብ ነው፣ ልጆቹን በየእናታቸው ስር አድርጊ። የጡት ልጅ ካለ ከወላጆቹ ጋር ያለውን ዝምድና ከ«ልደት» ወደ «ጉዲፈቻ» ቀይሪው፤ የወለዱትንም ካወቅሽ አብረሽ አስገቢ። የክርስትና አባትና እናት ወላጅ አይደሉም፣ ግን እነሱም ዘመድ ናቸው፤ ሰውየው ገጽ ላይ «አሶሲዬሽን» የሚል ክፍል አለ፣ እዚያ ይገባሉ። በሹክሹክታ የተነገረሽ ነገር ካለ ደግሞ የቁልፍ ምልክቷን ተጫኚ። ያ መረጃ የግል ይሆናል፤ ፋይል ስታወጪም የግል የሆነውን አትጨምር ማለት ትችያለሽ። አያትሽ «ይህን እኔ እያለሁ አታውጪው» ካሉሽ፣ አታውጪው።

ወንድምሽስ? በየፕሮግራሙ የሚነበብ ጌድኮም የሚባል የፋይል ዓይነት አለ። ከግራምፕስ በጌድኮም አውጥተሽ ትልኪለታለሽ፣ እሱ በራሱ ፕሮግራም ይከፍተዋል። በሕይወት ያሉትን ሰዎች ዝርዝር ሳታወጪ ላኪ፤ የሰው ልደትና አድራሻ ኢንተርኔት ላይ እንዳይበተን። ፊደሉ በዩኒኮድ፣ የኛንም ፊደል በሚያውቀው የኮምፒውተር አጻጻፍ፣ መውጣቱን አረጋግጪ፣ አለዚያ እዚያ ሲደርስ የአያትሽ ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ አምስት ሰው ብቻ ያለበት ፋይል ላኪና «በአማርኛ ይነበባል ወይ?» በዪው። ጌድኮም ፎቶና ድምፅ አብሮ አይዝም። ለራስሽ የምታስቀምጪውን ግን በግራምፕስ የራሱ ጥቅል አውጪው፤ ያ ፎቶውንም ድምፁንም ይይዛል። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ከቤት ውጭ ዘመድ ጋ አስቀምጪ።

እሁድ ዘጌ የምትሄጂ ከሆነ ስልክሽን ሙሉ ቻርጅ አድርጊ፣ ትንሽ ደብተርም ያዢ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአያትሽን ስም ጻፊና ከታች «እናታቸውስ?» ብለሽ ጀምሪ።